ልጄና ጠባቡ ጃንጥላ

ይህ ነገር የደረሰብኝ አምና በጥቅምት ወር ነው። ሰው ሲጠይቀኝ ባጭሩ «ልጄ ወድቃ ተረፈች» እላለሁ፤ ሙሉውን ግን ለማንም አውርቼ አላውቅም። ለእናቷ እንኳ የነገርኋት ግማሹን ነው። ነፋስ የቤታችንን ቆርቆሮ በነቀነቀው ቁጥር ያች ቀን ትመጣብኛለች። አንዴ ጽፌው ቢወጣልኝ ብዬ ነው።

የምንኖረው ጎንደር፣ ቁስቋም ሰፈር ነው። በወጣትነቴ አየር ወለድ ወታደር ነበርሁ። በእኛ ጊዜ ጃንጥላ ምርጫ አልነበረውም። ክብ፣ ሰፊ፣ እንደ ድንኳን የከበደ ነገር ያሸክሙሃል፤ የአውሮፕላኑ በር ይከፈታል፤ ትዘላለህ። ከሠራዊቱ ከወጣሁ ወዲህ ሾፌር ነኝ፤ ጎብኚዎችን ወደ ስሜን ተራሮች አመላልሳለሁ።

ማኅሌት የመጀመሪያ ልጄ ናት። ሥራዋ አስጎብኚነት ነው። ከእንግዶቿ መካከል ከገደል ጫፍ ተነሥተው በጨርቅ ክንፍ የሚበሩ ሰዎች ነበሩ፤ ፓራግላይዲንግ ይሉታል። አውሮፕላን አያስፈልገውም። ክንፉን መሬት ላይ ትዘረጋለህ፣ ነፋስ ሲሞላው ትሮጣለህ፣ ከገደሉ ትወጣለህ። አንድ ቀን ከአንዱ ፊት ታስራ አብራው በረረች። ከዚያ ወዲህ ቤታችን ውስጥ ሌላ ወሬ ጠፋ። በመጨረሻም ኬንያ ድረስ ሄዳ ተማረች። እሷ ክንፍ ትለዋለች፤ እኔ ግን እስካሁን ጃንጥላ ነው የምለው።

የመጀመሪያ ክንፏን ስትመርጥ አብሬአት ነበርሁ። የኬንያው አስተማሪዋ በስልክ የሚነግራትን እየተረጎመች አሰማችኝ። በቀለሙና በመልኩ እንዳትመርጥ፣ መጀመሪያ ከነልብሷ፣ ከነመቀመጫው፣ ከነሙሉ ዕቃዋ እንድትመዘን ነገራት። ለጀማሪ ሰፋ ያለ፣ ረጋ ያለ፣ ሲሳሳቱበት ቶሎ የማይቆጣ ክንፍ ይሻላል አላት። ሰፈራችን ያለው ወፍጮ ቤት ሄደን የእህል ሚዛን ላይ ቆመች። የራስ ቁር አድርጋ፣ ያን የሚያህል ቦርሳ ተሸክማ ስትመዘን እህል ያመጡት ሴቶች በሳቅ ሞቱ። በኪሎዋ ልክ የሆነ፣ አገልግሎ የቆየ ብርቱካንማ ክንፍ ገዛች።

አስተማሪዋ አንድ ነገር ደጋግሞ ሲላትም ሰምቻለሁ። ወደ ጠባብ ክንፍ የሚኬደው እጅ በሰፊው ላይ ሳያስብ መሥራት ሲጀምር ነው፤ እሱም በአንድ ደረጃ ብቻ፣ እሱም በማለዳ፣ አየሩ ዝም ሲል ነው አላት። ጠባቡ ይፈጥናል፤ ትንሽ ስትስቢው ብዙ ይዞራል፤ ስትሳሳቺ ማረሚያ ጊዜ አይሰጥሽም አላት። እሷም እሺ አለች።

በጥቅምት ናሆም የሚባል ወጣት ከአዲስ አበባ መጣ። እሱም ይበራል፣ ቪዲዮም ይሠራል። እንግዳ በጠፋበት ጊዜ አገሩን የሚያስተዋውቅ ፊልም እናንሣ ብሎ ማኅሌትን አሳመናት። ሦስታችንም በእኔ መኪና ወደ ኮሶዬ ወጣን። ኮሶዬን የማያውቅ ሰው ካለ፣ ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለ ቦታ ነው፤ ደጋው በድንገት ያልቅና ከእግርህ ሥር ቆላው ይዘረጋል።

በማለዳ ትበራለች ተብሎ ነበር። ግን የናሆም ካሜራ አስቸገረ፣ እሱን ሲነካካ ረፈደ። ፀሐዩ ገደሉን አጋለው፤ ነፋሱም ከታች መነሣት ጀመረ። ያን ጊዜ ማኅሌት የማላውቀውን ክንፍ ከቦርሳ ስታወጣ አየሁ። ቀይ ነው። ሲዘረጋም ከብርቱካንማው በጣም ያንሳል።

«ያንቺውስ?» አልኋት።

«አባባ፣ እሱ ለቪዲዮ አይሆንም፣ ቀርፋፋ ነው። ይኼ የናሆም ነው። እንደ ወፍ ነው የሚዞረው።»

«እንደ ወፍ የሚዞረው ወፍ ነው። አስተማሪሽን ጠይቀሻል?»

ናሆም መሐል ገባ። «ጋሼ፣ አይስጉ፤ እኔ ስንት ጊዜ በርሬበታለሁ።»

«አንተ መብረር ከጀመርህ ስንት ዓመትህ ነው?»

«ቆይቻለሁ።»

«እሷስ?» አልሁት። ወደ ካሜራው ጎንበስ አለ።

ተቆጣሁ፣ ለመንሁ። የሃያ ሰባት ዓመት ሴት ናት፤ እጇን ይዤ የማስቀርበት ዕድሜ አልፏል። ጉንጬን ሳመችኝ፤ አንዱን የእጅ ሬዲዮ ሰጠችኝና ሮጠች። ገደሉ ተቀበላት።

መጀመሪያ ያምር ነበር፤ አልዋሽም። ቀዩ ክንፍ እየተንሳፈፈ ወጣ፤ ናሆምም ድሮኑን አስነሥቶ ተከተላት። ከዚያ ወደ እኛ ልትመለስ ስትዞር በብርቱካንማው እንደለመደችው ገመዱን ረዘም አድርጋ ሳበችው። ክንፉ እንደ ጅራፍ ተወረወረ። ልታስተካክለው በሌላው በኩል ስትስብ ግማሹ ክንፍ እንደ ጨርቅ ተጣጠፈ፤ በእጇ ወርውራ የምትከፍተው መጠባበቂያ ጃንጥላ አላት፤ ለሱ ጊዜ አልነበራትም። ክንፉ ፊቱን ወደ ገደሉ አዞረና ይዟት ከጫፉ በታች ገባ። ከዚያ በኋላ አላየኋትም። የሰማሁት አንድ ድምፅ ብቻ ነው፤ ያን አልጽፈውም።

በወታደርነቴ አንድ ጓደኛ ነበረኝ። በደህና አርፎ፣ እግሩ መሬት ከነካ በኋላ ነፋስ ጃንጥላውን ሞልቶ በድንጋይ ላይ ጎትቶ ገደለው። ሰማይ ላይ ያልሞተው ሰው መሬት ላይ ሞተ። ገደሉ ጫፍ ላይ በሆዴ ተኝቼ ወደ ታች ስመለከት የታየኝ እሱ ነው።

«ማኅሌት! ማኅሌት!» እላለሁ በሬዲዮው። ፉጨት ብቻ። ቆይቶ ትንፋሽ ሰማሁ። የእሷ ሬዲዮ ከራስ ቁሯ ጋር የተያያዘ ስለሆነ ድምፅ ሲያገኝ በራሱ ይከፈታል።

«አባባ።»

«የት ነሽ?»

«ገደሉ ደረት ላይ ነኝ። ትንሽ መቆሚያ አለ። ቀኝ እጄ ተሰብሯል። ክንፉ ወደ ታች ተንጠልጥሏል፣ ነፋስ እየሞላው ነው። እየጎተተኝ ነው፣ አባባ።»

ድምፄን እንደምንም ያዝሁት። «ባንድ በኩል ያለውን ገመድ ብቻ ሳቢ። ሌላውን አትንኪ። ባንድ በኩል ሲታጠፍ ነፋሱን ይተፋዋል።»

«አውቃለሁ። በግራ እጄ የአስታ ቁጥቋጦ ይዣለሁ። ከለቀቅሁት እሄዳለሁ።»

መታጠቂያውን ትፍታ እንዳልል ሁለት እጅ ይፈልጋል። ገመድ ልወርውርላት ብል መኪናው ውስጥ ያለው ሲባጎ ነው። ናሆም ድሮኑን ወደ እሷ ላከ፤ ነፋሱ አለት ላይ ፈጠፈጠው። መሬት ላይ ቁጭ ብሎ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ልመታው እጄን አንሥቼ ነበር፤ ለሱ ጊዜ አልነበረኝም።

«በጥርስሽ ሳቢው» አልኋት። ሐሳቡ ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም።

መሳብ ጀመረች። አላያትም፤ የምሰማው ብቻ ነው፤ እንዴት እንዳደረገችው የነገረችኝ በኋላ ነው። ገመዱን ትነክሳለች፣ አንገቷን ወደ ኋላ ትጥላለች፣ ያገኘችውን በጉልበቷ ተጭና ትይዛለች፣ እንደገና ትነክሳለች። ነፋሱ በመጣ ቁጥር የሳበችውን መልሶ ይወስድባታል። ታቃስታለች። እኔ ከላይ ሆኜ «በርቺ፣ አንድ ጊዜ፣ ደግሞ አንድ ጊዜ» እላለሁ። ቀጭን ገመድ ነው፤ ሥጋ ይቆርጣል። ልጄ በአፏ ደም ገመድ እየሳበች እኔ የምሰጣት ነገር ቃል ብቻ ነበር። እግዚአብሔርን ሰደብሁት። ወዲያው ደግሞ ለመንሁት።

በመጨረሻ «ተኛ» አለች። ክንፉ ማለቷ ነው። ከዚያ ሬዲዮው ዝም አለ።

ጠራኋት፤ መልስ የለም። ራሷን ስታ ይሁን፣ ሬዲዮው ተሰብሮ ይሁን፣ ነፋሱ ወስዷት ይሁን አላወቅሁም። ያን ጊዜ ስልኬ ጮኸ። ሚስቴ ናት። ካላነሣሁት ይገባታል ብዬ አነሣሁት።

«በደህና ደረሳችሁ?»

«ደርሰናል።»

«ምነው ድምፅህ?»

«ነፋስ ነው።»

«እስቲ ልጄን አገናኘኝ።»

«እየበረረች ነው» አልኋት።

«እመቤቴ ትጠብቃት» ብላ ዘጋችው። ከዚያ በኋላ ጫማዬን አውልቄ ወደ ገደሉ መውረድ ጀመርሁ። መውረጃ እንደሌለው እያየሁ ነበር። እዚህ ሆኜ አለመድረሴን ከማወቅ እየሄድሁ ብሞት የሚሻል መሰለኝ። ስሟን እየጠራሁ እጮሃለሁ። ናሆም ከኋላዬ ካፖርቴን ይዞ ይጎትተኛል።

ከታች የሰው ድምፅ መጣ። «ምነው ትጮሃለህ? አይተናታል!»

ወደ ታች ሳይ ከገደሉ ሥር ካለው መንደር ጥቂት ገበሬዎች በዳገቱ እየወጡ ነው። ከፊት የሚመራቸው ቀጭን ሽማግሌ ነው። ስሙ አያ ይርጋ እንደሚባል በኋላ ነው ያወቅሁት። አጨዳ ላይ ሆነው ቀይ ጨርቅ ገደሉን ሲመታ አይተው ማጭዳቸውን ጥለው መጥተዋል። እያንዳንዳቸው አህያ የሚጭኑበትን መጫኛ ገመድ በትከሻቸው አንጠልጥለዋል።

«ልወርድ ነው!» አልሁት።

«አንተ ትወርድና ሁለት ሬሳ ልታሸክመን ነው? ቁጭ በል!»

«በሕይወት አለች ወይ?»

«እግዜር ያውቃል። ቁጭ በል አልሁህ!»

ቁጭ አልሁ። መጫኛዎቻቸውን እርስ በርስ ሲቀጣጥሉ፣ ሲጎትቱ ሲፈትሹ አየሁ። ከዚያ አለቱ ጋረዳቸው። ጥበቃው ምን ያህል እንደቆየ አላውቅም። ፀሐይዋ ወደ ምዕራብ አዘቀዘቀች፣ ገደሉ ጠቆረ። ለእናቷ እንዴት እንደምነግራት በሐሳቤ ቃል እመርጥ ነበር። በየትኛው በር እንደምገባ፣ መጀመሪያ ማንን እንደምጠራ፣ ይህን ሁሉ አሰብሁ። ልጄን በሐሳቤ ቀብሬ ጨርሼ ነበር።

ድምፁ የመጣው ያን ጊዜ ነው። አንድ ቃል ናት።

«አለች!»

እንዴት እንደተነሣሁ አላስታውስም። በሩቅ ዞሮ የሚወርድ የእግር መንገድ ነበር፤ በባዶ እግሬ ሮጥሁት። ስንገናኝ ከመቆሚያው በመጫኛ አውርደው፣ በቃሬዛ ተሸክመው እያወጧት ነበር። ትከሻ እየተቀያየሩ ይሸከማሉ፣ የሚተርፈው ከፊት ድንጋይ ያነሣል። ሬዲዮዋ ከራስ ቁሯ ጋር ከግጭቱ ተሰነጣጥቋል፤ ያን ያህል የሠራውም በተአምር ነው። እጇን በነጠላ አስረውላታል። አፏ በሁለቱም ጠርዝ ተቆርጦ ደሙ አንገቷ ላይ ደርቋል።

ስታየኝ «ለእማማ አፌ ምን ሆነ ልንላት ነው?» አለችኝ። እዚያው መንገዱ ላይ ተንበርክኬ አለቀስሁ። አያ ይርጋ ክንዴን ይዞ አነሣኝ። «ተነሥ እንግዲህ፣ አባት አይደለህ? ሸጋ ልጅ ነው ያለችህ፤ ስንሸከማት እንኳ እኛኑ አይዟችሁ ስትል ነበር» አለኝ።

ጎንደር ሆስፒታል ገባች። ክንዷ ውስጥ ብረት ተደረገ፤ ከከንፈሯ ጥግ እስካሁን ቀጭን ጠባሳ አለ። ናሆም ስታገግም በተደጋጋሚ እየመጣ ጠየቃት። ቀዩን ክንፍ ግን መልሶ አልፈለገውም። አያ ይርጋ ዝናብ ስለማያስገባ ለእህል ክምሬ ይሁነኝ ብሎ ጠየቀ፣ ተሰጠው።

ከእንግዲህ አትበርም ብዬ ነበር። እናቷም ብርቱካንማው ክንፍ ከቤቴ ይውጣ ብላ ከሁለታችንም ጋር ተኳረፈች። ማኅሌት ግን ክንዷ ሲጠናላት ብርቱካንማውን አወጣች። ከመጀመሪያው፣ ከዝቅተኛ ኮረብታ ላይ፣ እንደ ጀማሪ ጀመረች። አሁን ወደ ጠባብ ስለመሄድ የሚያነሣባት ሰው ሲመጣ እሷው ናት የምታስቆመው። አንድ ጊዜ አስተማሪዋ በቅርቡ ወደሚጠብ ክንፍ አንድ ደረጃ መውረድ ትችያለሽ ሲላት ሰማሁ። «ገና ነው» አለችው።

ፍርሃቱ አልለቀቀኝም። የሚለቀኝም አይመስለኝም። ወደ ኮሶዬ ተመልሳ ስትበር ግን አሁን ገደሉ ጫፍ ላይ አልቆምም። በማለዳ ቀድሜ ወደ ታች እወርድና ከምታርፍበት ከአያ ይርጋ ማሳ ዳር እቀመጣለሁ። ከላይ ሆኜ ሳያት ልጄ እየሄደች ነበር፤ ከታች ሆኜ ሳያት ግን ወደ እኔ እየመጣች ነው።