የእማማ ዘነበች ሂተር ለምን ይጠፋ ነበር

ሥራውን የጀመርኩት ኦክላንድ ውስጥ፣ ባለ ሦስት ፎቅ አሮጌ አፓርታማ ላይ ነው። ከዚያ በፊት ተከራይ የለቀቃቸውን ቤቶች አጸዳ ነበር። ጋሽ ታምሩ የቤት ማሞቂያ ሂተር ሊጠግኑ መጥተው፣ ከምድጃው ኋላ ያለውን አቧራ ስስብ አዩኝ።

«አንቺ ጥግ አትንቂም። ለእኔ ሥራ ትሆኛለሽ» አሉኝ።

«ጋዝ ነው እኮ ጋሼ። እኔ ልጅ አለኝ።»

«የምፈልገው ልጅ ያለው ሰው ነው። ልጅ የሌለው ቸኩሎ ይገድለኛል።»

በማግስቱ የእጅ ባትሪ፣ ለስላሳ ብሩሽ፣ አቧራ የሚስብ ትንሽ ቫኪዩምና የአየር ማጣሪያ ፊልተር ካርቶን አሸከሙኝ። ማዕረጌ ሄልፐር፣ ማለት ረዳት፣ ነው አሉኝ። የሥራ ፈቃዱ ላይሰንስ የእሳቸው፣ ቫኪዩሙ የእኔ። የመጀመሪያው ትእዛዛቸው «አትንኪ፤ መጀመሪያ አሽትቺ» የሚል ነበር። እኔ ደግሞ ቤቴ ውስጥ የምድጃውን ቁልፍ ሦስት ጊዜ ሳላይ የማልተኛ ሰው ስለሆንኩ ያ አልከበደኝም።

የከበደኝ ፊልተሩ ነው። ጎኑ ላይ ቀስት ተስሏል። እኔ ሂተር ሙቀት ወደ ቤት ያወጣል ብዬ ቀስቱን ወደ ቤቱ አዙሬ ከተትኩት። ጋሽ ታምሩ አይተው ሳቁ።

«ወደ ማሽኑ አዙሪው። መጀመሪያ ይስባል እንጂ! ሳይጎርስ ምን ይተፋል?»

አዙሬ ከተትኩት። ግን አልገባኝም። የቤቱ አየር አንድ ነገር ነው፣ እሳቱ የሚፈልገው አየር ደግሞ ሌላ ነው ሲሉኝ ራሴን ነቀነቅሁ። ራስ መነቅነቅ መረዳት አለመሆኑን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው።

የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። ስለዚህ ደብተር ገዛሁ። ለእያንዳንዱ ቤት አንድ ገጽ። የእንግሊዝኛውን ጽሑፍ እንደ ሥዕል እያየሁ እገለብጣለሁ፤ ልጄ ሩት ማታ ታነብልኛለች። ጋሽ ታምሩ ደግሞ በየሳምንቱ አርብ ደብተሩን ወስደው ይመለከታሉ።

የእኛ ወቅት ከመስከረም መጨረሻ እስከ ታኅሣሥ ነው። እዚህ በረዶ ስለማይጥል ሰው ሂተሩን ይረሳዋል። የመጀመሪያው ብርዳማ ጠዋት ሲመጣ ሁሉም ባንድ ቀን ይደውላል። እኛ የምንፈልገው ከዚያ በፊት መድረስ ነው። ቴርሞስታቱን ማጥፋት፣ ማቃጠያውን በብሩሽና በቫኪዩም ማጽዳት፣ ፊልተር መቀየር፣ ፓይለት የምንላት ትንሽ ነበልባል ሰማያዊ መሆኗን ማየት። ከዚያ ክብሪት ጭሮ ማጥፋትና የሚጨሰውን ክብሪት ከጭስ መውጫው አፍ አጠገብ መያዝ። ጭሱ ወደ ላይ ከተሳበ ደህና ነው። ወደ ፊት ከተመለሰ ሂተሩ መብራት የለበትም። መጨረሻ ላይ መርዛማ ጋዝ ሲኖር የሚጮኸውን አላርም ተጭኖ ማስጮህ።

በአራተኛው ዓመት ጋሽ ታምሩ ቀላል ቀላሉን ቤት ለብቻዬ ይልኩኝ ጀመር። እማማ ዘነበች ዘንድ የሄድኩት እንዲህ ነው። ሳን ሆዜ በልጃቸው ቤት ይኖራሉ፤ ልጃቸው የጭነት መኪና ስለሚነዳ ሳምንቱን ሙሉ የለም። ሂተሩ ያለው ኮሪደሩ ላይ፣ ድፍን በር ባለው ቁምሳጥን በሚያህል ክፍል ውስጥ ነው።

ሁሉንም በተራ ሠራሁ። አላርሙ ጊዜው አልፎበታል፤ «አዲስ ይምጣ» ብዬ ጻፍኩ። ልወጣ ስል እማማ ዱላቸውን ተደግፈው መጡ።

«የኔ ልጅ፣ ከዚህ ክፍል የሚወጣው ንፋስ እግሬን ፈጀው። ጉልበቴ ይኸው አልታጠፍ ብሏል።»

ጎንበስ ብዬ በእጄ ዳሰስኩ። እውነታቸውን ነው። ወለሉ አጠገብ ግድግዳው ላይ ወንፊት የመሰለ ሽቦ ያለው ቀዳዳ አለ፤ ከቤቱ ሥር ቀዝቃዛ ንፋስ ያስገባል። ከቦርሳዬ የማጽጃ ጨርቅ አወጣሁ። ሩት ትንሽ ሳለች ትምህርት ቤት ኳስ ስትጫወት የምትለብሰው ቢጫ ቲሸርት ነው። ጠቅልዬ ደፈንኩት።

«እጅሽ ይባረክ!» አሉኝ።

ተመርቄ ደስ ብሎኝ ሄድኩ። ይህንን ደብተሩ ላይ አልጻፍኩም።

በሦስተኛው ቀን ደወሉ። «ኧረ ልጄ፣ ጠፋ።»

ሄድኩ። የሂተሩን ክፍል በር ከፈትኩ፣ ለኮስኩ፣ ግማሽ ሰዓት ቆሜ አየሁት። ነበልባሉ ሰማያዊ፣ የክብሪቱ ጭስ ወደ ላይ። ምንም የለውም። በሩን ዘግቼ ወጣሁ። መንገድ ላይ ያለችው ሄይዋርድ ከተማ ሳልደርስ ስልኬ ጮኸ።

«ጠፋ።»

በማግስቱ የፓይለቷን ሙቀት የሚለካውን ሽቦ ቀየርኩ። እኔ ፊት ይሠራል፤ ስሄድ ይጠፋል። ሰው የሚያሾፍብኝ መሰለኝ። ማታ ሩትን መመሪያውን አስነበብኳት።

«ማሚ፣ እሳቱ አየር ኒድ ያደርጋል ይላል። ላይክ… እሳቱ ሲተነፍስ።»

«ፊልተሩን ቀይሬዋለሁ እኮ!»

«አይ ዶንት ኖው ማሚ። ሜይቢ ሌላ አየር ነው።»

እኔ ግን አየር ሲባል የማስበው ፊልተር ብቻ ነበር። ሌላውን አየር ራሴን ነቅንቄ አልፌዋለሁ።

ጠፋ ተብዬ ለሦስተኛ ጊዜ ስሄድ እማማ ሶፋ ላይ ጋደም ብለው አገኘኋቸው። ሂተሩን ጎረቤታቸው ጠዋት ለኩሶላቸው እንደገና ጠፍቷል።

«ራሴን ይወቅረኛል። እንቅልፍ እንቅልፍም ይለኛል። ጾሙ ነው መሰለኝ» አሉኝ።

የነቢያት ጾም ገብቶ ነበር። እኔም ጾመኛ ስለሆንኩ አመንኳቸው። እኔንም ከሰዓት በኋላ ራሴን ያመኛልና። የሂተሩ ነገር ግን ስላልገባኝ ጋሽ ታምሩን ኮል አደረግሁ።

«ስታዪው የክፍሉ በር ተከፍቶ ነው ተዘግቶ?» አሉኝ።

«ተከፍቶ ነዋ። ተዘግቶ እንዴት ይታያል?»

«አዲሱን አላርም ይዘሻል?»

«ይዣለሁ።»

«ስቀይው። ከዚያ ለኩሺና በሩን ዝጊው። ሴትዮዋን ከመውጫው በር አጠገብ አስቀምጪ። እኔ እየመጣሁ ነው።»

አላርሙን ኮሪደሩ ላይ ሰቀልኩ፤ ሂተሩን ለኩሼ በሩን ዘጋሁ። እማማን ወንበር ስቤ መውጫው አጠገብ አስቀመጥኳቸው።

«አሁን ምን እየሠራን ነው?» አሉኝ።

«እየጠበቅን ነው እማማ።»

«እኔ ሁልጊዜ እጠብቃለሁ። አንቺ ደግሞ ደሞዝ አለሽ።»

ስንስቅ አላርሙ ጮኸ። እንዲያ ሲጮህ ሰምቼ አላውቅም፤ ስፈትነው የሚጮኸው ለአፍታ ብቻ ነው። መጀመሪያ የራሴ ጥፋት መሰለኝ፤ አሰቃቀሌ ተበላሽቶ፣ ወይ ያልሆነ ነገር ነክቼ። ከዚያ የጋሽ ታምሩ ቃል መጣልኝ፦ መጀመሪያ ሰው፣ ከዚያ ዕቃ። እማማን ብብታቸው ሥር ይዤ አነሳሁ።

«ነጠላዬን!» አሉ።

«ነጠላው ይቅር!»

በካልሲያቸው ሣሩ ላይ አወጣኋቸው። የአደጋ ጊዜ ስልክ ደወልኩ። የእሳት አደጋ ሰዎች መጥተው ጋዙን ዘጉ፣ መስኮቱን ሁሉ ከፈቱ፣ ለእማማ አፍንጫቸው ላይ ኦክስጅን አደረጉላቸው። አንደኛው መለኪያውን አሳየኝ። ቤቱ ውስጥ ካርቦን ሞኖክሳይድ አለ አለኝ፤ ሽታ የሌለው መርዝ።

ጋሽ ታምሩ ደርሰው ከሰዎቹ ጋር ገቡ። ሲወጡ እጃቸው ላይ ቢጫው ቲሸርት ነበር።

«ይሄንን ማን ነው የደፈነው?»

«እኔ ነኝ» አሉ እማማ፣ ኦክስጅኑን ከአፍንጫቸው ገለል አድርገው። «ብርድ ነው ብዬ።»

ቀና ብዬ አየኋቸው። እሳቸውም አዩኝ። ዝም በይ የሚል አስተያየት ነው። እውነቱን ለመናገር፣ ዝም ማለት ቀላል ነበር።

«የእማማ ጉልበት አይታጠፍም ጋሼ። እዚያ ድረስ ጎንበስ ማለት አይችሉም። ቲሸርቱ የሩት ነው። እኔ ነኝ።»

ጋሽ ታምሩ አልጮኹም። ቢጮኹ ይሻለኝ ነበር። «ደብተርሽን አምጪ» አሉኝ። ገጹን አገላበጡ። «የታለ?»

«አልጻፍኩትም።»

«ለምን?»

«ሥራ አልመሰለኝም። ደግነት ነው የመሰለኝ።»

«ጽፈሽው ቢሆን አርብ ዕለት አየው ነበር። ላይ ጣሪያው ጋ ያለውን ቀዳዳ ደግሞ ብርድ እንዳይገባ የሚነጠፈው የጣሪያ ጥጥ ደፍኖታል። እሱን አምና ማየት የነበረብኝ እኔ ነኝ። ለእሳቱ የቀረው አንቺ የደፈንሽው አንዱ ቀዳዳ ብቻ ነበር።» ትንሽ ቆይተው ጠየቁኝ። «አዲስ አበባ ከሰል አቀጣጥላችሁ ቤት ዘግታችሁ ትተኙ ነበር?»

«ኧረ በስመ አብ!»

«ታዲያ ይሄስ?»

«ይሄ ጋዝ ነዋ። ጭስ የለውም።»

«ከሰልስ ከፋመ በኋላ ጭስ አለው?»

እናቴ ከሰሉን ውጭ ሳታፍም ወደ ቤት አታስገባም ነበር፤ ካስገባችም በሩን ገርበብ ታደርጋለች። ይህንን እያወቅሁ አድጌ፣ ከብረት ሳጥን ውስጥ ያለው እሳትም ያው እሳት መሆኑን አላሰብኩም። በሩን ስከፍት እየተነፈሰ ይነድዳል። ስዘጋው ይታፈናል፣ መርዙን ወደ ቤት ይመልሳል፣ ሂተሩም ራሱን ያጠፋል። ያ መጥፋቱ ነው ለእማማ ዕድሜ የሰጣቸው። እኔ ደግሞ እየተመላለስኩ መልሼ እለኩስ ነበር።

እማማ በሁለተኛው ቀን ከሐኪም ቤት ደህና ሆነው ተመለሱ። ቀዳዳዎቹን ከፍተን፣ የክፍሉን በር ዙሪያ በጎማ አሸግን፤ ንፋሱ ለእሳቱ ብቻ እንዲቀር፣ እግራቸውንም እንዳይነካ።

«ቤት እንዲሞቅ ቀዳዳ ክፍት ይተዋል?» አሉኝ።

«አዎ እማማ።»

«የተገለበጠ አገር።»

ለብቻችን ስንሆን ለምን እንደዋሹልኝ ጠየቅኋቸው።

«እንጀራሽ እንዳይዘጋ ነዋ።»

«እገድልዎት ነበር እኮ!»

«አልገደልሽኝማ» አሉና ነጠላቸውን አስተካከሉ። ይህ እስከ ዛሬ ግራ ይገባኛል።

ጋሽ ታምሩ አላባረሩኝም። አንድ ዓመት ሙሉ ግን ለብቻዬ አልላኩኝም፤ ከኋላቸው ቫኪዩም ይዤ ዞርኩ። ሲያስረዱኝም ራሴን መነቅነቅ ትቼ «አልገባኝም፣ ይድገሙልኝ» ማለት ጀመርኩ። እሳቸውም ይደግሙልኛል፣ እየተቆጡ።

አሁን አዲስ ሄልፐሮችን የማስተምረው እኔ ነኝ። ደብተሬ ላይ ከፊልተር፣ ከነበልባል፣ ከጭስና ከአላርም በታች አንድ መስመር ተጨምሯል፦ «ሳልታዘዝ ያደረግሁት።»

ሂተር ያለበት ክፍል ቀዳዳ አይደፈንም። በሰው ቤት ያደረጋችሁት ሁሉ ይጻፋል፤ ደግነት የመሰላችሁም።