የመዳብ ጉጠት

አሲድ ልብስ ሲነካ ወዲያው አያስታውቅም። ቀዳዳው የሚወጣው ልብሱ ሲታጠብ ነው። የኔ ቀሚሶች ሁሉ ከጉልበታቸው በላይ ወንፊት ይመስሉ ነበር። አራተኛ ክፍል ሳለሁ አጠገቤ የምትቀመጥ ልጅ ጣቷን በአንዱ ቀዳዳ አሾልካ «ይቺንስ ብል ሳይሆን ጅብ ነው የበላት» አለችና ክፍሉ በሙሉ ሳቀብኝ። ትምህርቱን ብጨርስ እንኳ እፍረቱ እንደማይለቀኝ ስለገባኝ ከዚያ በኋላ አልተመለስኩም።

አባቴ መካነ ሰላም ውስጥ፣ ከገበያው ዝቅ ብሎ ባለችው ቤታችን፣ ብር እያቀለጠ ጌጥ ይሠራ ነበር። ሰዉ ፊት ለፊት ባለ እጅ ይለዋል፤ ዞር ሲል ጠይብ። የጠይብ ልጅ ዓይኗ ሰው ይበላል ስለሚባል፣ ሰው ምግብ ሲያወጣ መሬት መሬት ማየትን መራመድ ሳልችል ነው የለመድኩት። ዓይን አፋር ነሽ የሚሉኝ ሰዎች ከተፈጥሮዬ ይመስላቸዋል።

አሲዱ ለመኪና ባትሪ የሚሆነው ነበር። በበጋ ከደሴ የሚመጣ አንድ ሾፌር በጠርሙስ ያመጣልን ነበር። ቀድሞ አባቴ ብሩን የሚያነጣው በሎሚ ነበር፤ እሱ ቀኑን ሙሉ ይፈጃል። በአሲዱ ግን ከእሳት የወጣው ጥቁር ብር አሲድና ውሃ ወደተቀላቀለበት የእንጨት ገበታ ሲገባ ይንጨረጨርና ነጭ ሆኖ ይወጣል። ጭሱ ጉሮሮ ያንቃል። አባቴን እስኪያጎብጠው ስለሚያስለው ሥራው ለኔ ተሰጠኝ። ሲያስተምረኝ ሁለት ነገር ብቻ ነበር የሚደጋግምልኝ። ውሃው ይቅደም፤ አሲዱ ወደ ውሃው በትንሽ በትንሹ ይንጠብጠብ። ብረት ደግሞ አሲዱን እንዳይነካ። ብረት ከገባ፣ ብሩ ላይ የነበረችው ጥቂት መዳብ ከአሲዱ ውስጥ ትወጣና መልሳ ላዩን ትለብሰዋለች፤ ደህናው ብር እንደ ጡብ ቀልቶ ይወጣል። ስለዚህ ለአሲዱ የመዳብ ጉጠት፣ ለእሳቱ የብረት ጉጠት ነበረን። አንድ ቀን ተሳስቼ ብረቱን ባነሣ፣ ሳልነክረው እጄን ይዞ አስጣለኝ። ሌላ ጊዜ እጄን ጠበቅ አድርጎ ይዞኝ አያውቅም።

ረሃቡ ሲገባ ገዢ ጠፋ። ድሮ ከሠርግ በፊት ደጃችን በሙሽራ እናቶች ይሞላ ነበር፤ ያን ዓመት ሠርግ የሚባል ነገር አልነበረም። ሁሉም ሻጭ ሆነ። ከከላላም፣ ከማሻም በኩል የሚመጣው ሰው አንገቱ ላይ ያለውን እየፈታ ነው። አባቴ ዋጋው ይረክስ እንደሆነ ብሎ ኒኬል የሚሉትን ነጭ ብረት አቅልጦ መስቀል ሠራ። ኒኬሉ በእሳት እልኸኛ ነው፤ ከሰላችንን ጨረሰው። የወጣውንም መስቀል የሚጠይቀን ጠፋ።

በቤታችን አንድ ልማድ ነበር። የተገዛ ጌጥ በዚያው ሳምንት እሳት አይገባም። ግድግዳው ላይ በሚስማር ይንጠለጠላል፤ የሻጩ ልብ ተመልሶ እንደሆነ መጥቶ እንዲወስደው። በደህናው ጊዜ ብዙዎች ይመለሱ ነበር። ያን ዓመት ግን ማንም አልተመለሰም፤ ሚስማሩ ሁሉ ሞላ። አባቴ የሚበላ ሲያጣ እያዘነ ያቀልጥ ጀመር።

አንዲት ሴት ልጅ አዝላ የመጣችው ያን ሰሞን ነው። እስላም ነች፤ ከከላላ ገጠር እንደመጣች ነገረችን። ከጉያዋ ድሪ አወጣች፣ ቀለበቶቹ የተያያዙ ወፍራም የብር የአንገት ጌጥ።

«ባለ እጁ፣ በዚህ ትንሽ እህል ስጡኝ።»

«እህቴ፣ ብር የሚገዛኝ ሰው የለም እኮ» አላት አባቴ።

«ሽያጭ ወላሂ አይደለም። የእናቴ ነው። ያዙልኝ። ከሞትኩ አቅልጡት፤ ካልሞትኩ እመጣለሁ።»

እናቴ ከጓዳ ሆና «እኛስ ብንሞት?» አለች።

ሴትዮዋ ሳቀች። ያን ጊዜ ሰው ሲስቅ መስማት ያስደነግጥ ነበር። «እንግዲያውስ ሁላችንም ከሞትን ድሪው ብቻውን ይኑራ!»

እናቴም ሳቀችና ከነበረችን ገብስ ከፍላ ሰጠቻት። ሴትዮዋ እህል ይታደላል ወደተባለበት ወደ ደሴ መንገድ ጀመረች። ድሪው በበሩ ትይዩ ተሰቀለ። ከዚያ ቀን ወዲህ መቀመጥ አቃተኝ። ኮቴ በሰማሁ ቁጥር እነሣለሁ፤ በቅሎ ይሆናል፣ ነፋስ ይሆናል፤ እመለሳለሁ፤ ደግሞ እነሣለሁ። እናቴ «አንቺ ልጅ፣ ቂጥሽ እሾህ ላይ ነው እንዴ?» ትለኝ ነበር።

የመጣው ነጋዴ ነበር። ቤታችን የቆመው በባላባቱ መሬት ላይ ነው፤ ነጋዴው ደግሞ የባላባቱ አማች። ቀድሞ ቆዳ ነበር የሚነግድ፤ ብር መግዛት የጀመረው ሰዉ ሲራብ ነው። ነጭ ሱሪ ለብሶ በርጩማው ላይ ተቀመጠና ግድግዳውን ቃኘ።

«ኒኬል መሥራት ጀምረሃል አሉ። እኔን እንዳትሸውደኝ። ይሄ ሁሉ ጠቁሯል፤ ዓይኔ እያየ አንጣልኝና እወስደዋለሁ።» በበትሩ ወደ ድሪው አመለከተ። «ከዚያ ጀምር።»

«እሱ አደራ ነው ጌታዬ» አለ አባቴ።

«የማን?»

«የአንዲት ሴት። ወደ ደሴ ሄዳለች።»

«ወደዚያ ሄዶ የተመለሰ አይተሃል? ሞታለች በላ! ደግሞ አደራ ካልክ፣ አንተ ራስህ ከነጎጆህ የአማቼ አደራ አይደለህም?»

ቤት አፍርሱ ከተባልን በዚያ ዓመት የሚያስጠጋን አልነበረም። እኔ ገበታውን አቅርቤ፣ ውሃ አድርጌ፣ አሲዱን አንጠብጥቤ ነበር። አባቴ ድሪውን ከሚስማር አውርዶ ከሰሉ ላይ አደረገው። ሲግል የመዳቡን ጉጠት ይዤ ተጠጋሁ።

«ተነሺ። እኔ ላድርገው» አለኝ።

በአሲዱ ሥራ ገብቶብኝ አያውቅም። ተነሣሁ። ድሪውን ከእሳት ባወጣበት በብረቱ ጉጠት እንደያዘ ወደ ገበታው ወሰደው። አባባ፣ ብረቱን! ልል አፌን ከፈትኩ። ቀና ብሎ አየኝ። ያየኝ እንደተሳሳተ ሰው አልነበረም፤ አፌን ዘጋሁ። ነከረው። ጉጠቱን ሳያወጣ እዚያው ውስጥ ቀስ እያለ አዞረው። ሲያወጣው ድሪው ከዳር እስከ ዳር ቀይ ነበር።

ነጋዴው ከበርጩማው ተነሣ። «መዳብ ነው!»

«ያዩትን አይተዋል ጌታዬ።»

«እሷም ሌባ፣ አንተም ሌባ! ጠይብ! ግድግዳው ሙሉ መዳብ ሰቅለህ ነው ብር የምትለኝ?» ገበታውን በእግሩ መታው። አሲዱ ከነውሃው ሱሪው ላይ ተረጨ። እያራገፈ በቅሎው ላይ ወጣ።

ድምፁ ከራቀ በኋላ እናቴ ከጓዳ ወጣች። «ሱሪውን ሲያሳጥብ ያየዋል» አለች።

ከዚያ ወዲህ አልሳቅንም። ነጋዴው በየገበያው የነሱ ብር መዳብ ነው ብሎ አስወራብን። በአደራ የሚያስቀምጥ እንኳ ቀረ። ሾፌሩም መምጣት ተወ፤ አሲዱ ከጠርሙሱ ሥር ትንሽ ብቻ ቀረ። ወናፋችንን አይጥ በላው። ክረምቱን ያለፍነው እናቴ እየዞረች እህል በመፍጨት በምታገኘው ነው። አንዳንድ ቀን አባቴን ትነዘንዘው ነበር።

«ለማታውቃት ሴት ብለህ ስማችንን አጠፋህ። አሁን አንጣውና ሽጠው። ይነጣ የለም እንዴ?»

«ይነጣል።»

«ታዲያ?»

«ብትመጣስ?»

እኔ ይህ ንግግር ሲመጣ ወደ ደጅ እወጣ ነበር። ትመጣለች ብዬ ማመንም፣ ሞታለች ብዬ መተውም አልቻልኩም። ቀዩ ድሪ ሚስማሩ ላይ ሆኖ እኔን ብቻ የሚጠብቀኝ ይመስለኝ ነበር።

በዚያው ዘመን ንጉሡ ወረዱ ተባለ። ቀጥሎ መሬት ለአራሹ ታወጀ፤ ባላባቱ ከነአማቹ ጠፋ። ዘማች ተማሪዎች መጥተው ሰዉን ሜዳ ላይ ሰበሰቡና አንዱ ከእንግዲህ ጠይብ የሚባል ስም የለም ብሎ ተናገረ። ከስብሰባው ስንመለስ ጎረቤታችን አባቴን «እንግዲህ ምን ብለን ልንጠራህ ነው?» አለው። አባቴም «ደክሞኛል፤ ዛሬን አትጥራኝ» አለው። ለኛም መሬት ደረሰን። አባቴ ግን ሞፈር ጨብጦ አያውቅም፤ ትልሙ እየተጣመመበት መንገደኛው ሁሉ «በሬው ነው የሚዞረው ወይስ አንተ?» እያለ ይቀልድበት ነበር።

ሴትዮዋ የመጣችው አባቴ እርሻ ውሎ እናቴ ገበያ በሄደችበት ቀን ነው። ከስታ፣ ጠቁራ፣ ልጇ አሁን በእግሩ እየሄደ ቀሚሷን ይዞ። ያወቅኳት በድምፅዋ ነው። ትንሽ የገብስ ቋጠሮ አስቀምጣ «አልሃምዱሊላህ፣ አላችሁ!» አለች። ከዚያ ግድግዳውን አየች። ሌላው ሁሉ ቀልጦ ያለው አንድ ነገር ብቻ ነበር።

«የኔ ይሄ አይደለም» አለች። ድምፅዋ ወረደ። «የኔ ነጭ ነበር። አቀለጣችሁት?»

ከቤታችን ሰው ውጪ ለማንም ሙሉ ነገር ተናግሬ አላውቅም ነበር። «የርስዎ ነው» አልኳት። «አልቀለጠም። ይቀመጡ።»

እሳት አያያዝኩ። ወናፍ ስላልነበረኝ እፍ እያልኩ አቀጣጠልኩት። ጠርሙሱን ገልብጬ ያለችውን አሲድ ውሃው ላይ አንጠባጠብኩ። ትበቃለች ወይ የሚለው ብቻ ነበር ሐሳቤ፤ ካልነጣ የሚያምነኝ አልነበረም። ድሪው እስኪግል ሕፃኑ ራበኝ አለና እናቱ ቆሎ አወጣችለት። እንደለመድኩት ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞርኩ።

«ምን ሆነሽ ነው የምትዞሪ?» አለችኝ። «እሳቱን እይልኝ እንጂ!»

ዞርኩ። ሕፃኑ ከፊቴ ቁጭ ብሎ ይቆረጥማል፤ እናቱ አልሸፈነችውም፤ ዓይኗ ድሪው ላይ ነው።

በመዳቡ ጉጠት ይዤ ነከርኩት። ተንጨረጨረ፤ ከዚያ ዝም አለ። ብዙ ቆየሁ። ሳወጣው ነጭ ነበር፤ ከጫፉ ያሉት ጥቂት ቀለበቶች ብቻ ቀላ እንዳሉ ቀሩ። አሲዱ አለቀ። ለምን እንደቀላ፣ አባቴ ያን ቀን ያደረገውን፣ እየተንተባተብኩ ነገርኳት። ሳታቋርጠኝ ሰማችኝ። ቀያዮቹን ቀለበቶች አንድ በአንድ በጣቷ ነካካቻቸው።

«ይቺን ቀይዋን ተዪያት። እንዳትነኪያት» አለችና አንገቷ ላይ አሰረችው።

ማታ አባቴ ከእርሻ ሲገባ ባዶውን ሚስማር አየ።

«ነጣ?»

«ጫፉ ትንሽ ቀረው። አሲዱ አለቀ።»

ጭቃ እጁን ሳይታጠብ በርጩማው ላይ ተቀመጠ። የመዳቡን ጉጠት አንሥቶ ጫፉን አየና መልሶ ለኔ ሰጠኝ።