ከሲጋራ ፓኬት የወጣው ፈረሰኛ

የረጠበ ጋዜጣና የኮመጠጠ የዱቄት ሙጫ ሽታ አፍንጫዬን በመታው ቁጥር፣ ደባርቅ ያለው የልጅነት ቤታችንና የሰይድ የተገለበጠ ኪስ አብረው ይመጡብኛል።

አባቴ ወደ ስሜን ተራራ ለሚወጡ ቱሪስቶች በቅሎ እየጫነ ያሳድገን ነበር። አንድ ዓመት መስቀል እንዳለፈ፣ አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ የሰጡትን ሃያ ትንንሽ የሥዕል ካርዶች በቆርቆሮ ሣጥን ይዞልኝ መጣ። ከመቶ ዓመት በላይ በፊት በእነሱ አገር፣ ፓኬቱ እንዳይጨማደድ ከሲጋራው ጋር ይከተቱ የነበሩ ካርዶች ናቸው፤ ጋዜጣ መግዛት የማይችል ብዙ ሰው ሩቁን ዓለም ያይ የነበረው በእነሱ መሆኑን ያወቅሁት ግን ቆይቶ፣ ራሴ እያነበብኩ ነው። ያኔ ከትምህርት ቤት ስመለስ አልጋ ላይ እየደረደርኩ እመረምራቸው ነበር፤ ነገሥታቱ ሁሉ ሜዳሊያ አላቸው፣ የቲያትር ሴቶቹ ሁሉ ፈገግ ብለዋል፣ የሩቅ አገር ሰው የተባለ ሁሉ ጦር ይዟል። የእኛ አገር ሰው የተባለው ነጭ ፈረስ ላይ ጦር ሰብቆ፣ ጫፉ ሽቅብ የተቆለመመ ጫማ አጥልቋል። እንዲህ ያለ ጫማ ደባርቅ ገበያ አይቼ ስለማላውቅ፣ ሠዓሊው እኛን አይቶን እንደማያውቅ ጠረጠርኩ።

በዐቢይ ጾም ፈረሰኛው ጠፋ። ከቤተሰቡ ሌላ ሣጥኑን ከፍቶ የሚያውቀው ጓደኛዬ ሰይድ፣ የጎረቤታችን የነጋዴው ልጅ፣ ብቻ ነበር።

«አምጣው» አልኩት።

«ምኑን?»

«ፈረሰኛውን!»

«አንተ ደግሞ! የሲጋራ ወረቀት ሰርቄ ላጨሰው ነው?» ብሎ ሳቀ።

ሳቁ ይበልጥ አስጠረጠረኝና በሰፈር ልጆች ፊት ኪሱን ገለበጥኩት፤ አንዲት ብይና የተምር ፍሬ ወደቁ። እናቴ ከደጃፉ ቆማ አየችንና ወደ ውስጥ ገባች። ሰይድ ከዚያ ወዲህ ቤታችን አልመጣም፤ ክረምት ሲገባ ቤተሰቡ ወደ ዳባት ተዛወረ።

ከብዙ ዓመት በኋላ፣ አምና ዝናቡ ሲያባራ የእናቴን መኝታ ግድግዳ ለማደስ በዱቄት ሙጫ የተነባበረውን ጋዜጣ ስልጥ፣ ከመጨረሻው ሥር ፈረሰኛው ብቅ አለ።

«ጊዮርጊስ መስሎኝ ነበር እኮ፣ ልጄ» አለች እናቴ። «አንተ ትምህርት ቤት ሳለህ ከራስጌዬ ለጠፍሁት። አባትህ ወደ ተራራ ሊወጣ ሲል አይቶ የትምባሆ ነው ቢለኝ ደነገጥሁ። የንስሐ አባታችን ጠበል ሊረጩ የሚመጡበት ቀን ነበር፤ ብልጠው እንዳይቀደድ ፈርቼ ጋዜጣ ደረብሁበት።»

«ሰይድን ስፈትሸውስ?»

«አፈርሁ። ዛሬ እነግረዋለሁ፣ ነገ እነግረዋለሁ ስል…»

ካርዱን ይዤ ዳባት፣ ሰይድ አሁን ወደሚነግድበት ሱቅ ሄድኩና ሁሉንም ነገርኩት። ሰይድ ካርዱን ብዙ አገላበጠው።

«ለዚህ ጫማ ነው ያዋረድከኝ?» አለና መልሶ ሰጠኝ።

አሁን ሰይድ ሱቅ ስሄድ እንደ ማንኛውም ደንበኛ ይቀበለኛል፣ እጄንም አያይም፤ እኔ ግን ስወጣ ሁለቱንም እጆቼን ከኪሴ አውጥቼ፣ ባዶ መሆናቸው እንዲታይ አድርጌ እወጣለሁ።