ጭልፊቷና የግራሩ ጎጆዎች

በየዓመቱ ክረምት ሲገባ ቢጫ ወፎች እየመጡ ግቢያችን ካለው ግራር ላይ ጎጆ ያንጠለጥሉ ነበር። ከትምህርት ቤት ስመለስ ጫጫታቸው ገና ከአጥሩ ውጭ ይቀበለኛል። ልጆቻችን ሥራ ይዘው አዲስ አበባ ከገቡ ወዲህ ለቤቱ የቀረለት ድምፅ እሱ ነበር።

ከሦስት ዓመት በፊት ጭልፊት የግራሩ አናት ላይ ጎጆ ሠራች። አንድ ጠዋት ልብስ ሳሰጣ ዓይኔ እያየ ወርዳ መብረር የሚለማመድ የወፍ ጫጩት ይዛ ወጣች። እናቲቱ እየጮኸች ትንሽ ተከተለቻት፤ ከዚያ ተመልሳ ቅርንጫፉ ላይ ቁጭ አለች። ደሜ ፈላ።

ጎረቤታችን ሽማግሌ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ከከተማው ወጣ ብሎ ቱላ ሲያርሱ ኖረው አሁን ልጃቸው ጋ የሚጦሩ። በአጥሩ በኩል ሳገኛቸው "የዚችን ጎጆ አስፈርሳለሁ" አልኳቸው።

"ተያት ልጄ" አሉኝ። "እሷ አንድ ሁለት ትወስዳለች። እሷ ስላለች ግን ቁራ እዚህ ዛፍ አይደርስም። ዘንድሮ ጎጆው የበዛው ለምን ይመስልሻል?"

"አባባ፣ እኔ እኮ የባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ።"

ይህን ማለቴ እስካሁን ያሳፍረኛል። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሰሌዳ ላይ የምግብ ሰንሰለት ስስል፣ ቀስቱን ከትንሿ ወፍ ወደ ጭልፊቷ ሳስገባ፣ ቅር ብሎኝ አያውቅም። ግቢዬ ሲደርስ ግን ሰንሰለቱን መበጠስ መብቴ መሰለኝ። ሽማግሌው በሲዳምኛ ለራሳቸው አንድ ነገር ብለው ገቡ።

ቅዳሜ ዛፍ የሚመለምል ሰው ጠራሁ። ገመድ ታጥቆ ወጣ።

"እትዬ፣ ጫጩት አለው!" ብሎ ከላይ ጮኸ።

"ጣለው አልኩህ!"

ሁለት ነበሩ፤ ላባቸው ገና ጥጥ የመሰለ። አንዱ እንደወደቀ ሞተ። ሌላው አፉን ከፍቶ ያየኝ ነበር፤ እሱም እስከ ምሳ አልቆየም። ጭልፊቷ ከግቢው በላይ እየዞረች ስታፏጭ ዋለች። በማግስቱ አልነበረችም።

ቁራዎቹ ለመምጣት ሳምንት አልፈጀባቸውም። መጀመሪያ ሁለት ነበሩ፣ ኋላ ስምንት ሆኑ። ጎጆዎቹን እየዘነጠሉ እንቁላሉንም ጫጩቱንም በሉት። ድንጋይ ወረወርኩ፣ ቆርቆሮ ደበደብኩ፤ ዞር ብለው ይመለሳሉ። እኔ ክፍል መግባት አለብኝ፣ እነሱ ሌላ ሥራ የላቸውም። በአሥር ቀን ውስጥ ግራሩ ላይ የቀረው የተቦጫጨቀ ሣር ብቻ ነበር።

ከሽማግሌው ጋር መንገድ ላይ ተገናኘን። "ነግሬሽ ነበር" ቢሉኝ እቆጣ ነበር፤ መቆጣቱም ይቀለኝ ነበር። እሳቸው ግን "እንዴት ዋልሽ አስተማሪ" ብለውኝ አለፉ። እንደ ሩቅ ሰው።

ወፎቹ ከዚያ ወዲህ አልመጡም። ባለቤቴ ስለ እነሱ አያነሳም፤ እኔም አላነሳም። ቅዳሜና እሁድ ቤት መቀመጥ ስላልሆነልኝ እዚሁ ከተማችን ፒያሳ ወርጄ አንዱ ካፌ ውስጥ ፈተና አርማለሁ። እዚያ ቢያንስ ሰው ይንጫጫል።