የኢንስፔክተሩ የሠርግ ሰዓት

ሁለት ፖሊሶች ሲይዙኝ ሰዓሊተ ምሕረት አካባቢ የታክሲ ሰልፍ ላይ ነበርኩ። ሁለቱም ሲቪል ለብሰዋል፤ አነጋገራቸው ትሑት ነው። የጻፍኩትን ዜና ማን እንደነገረኝ ጠየቁኝ፤ አልተናገርኩም። ከቀትር በፊት ቀበቶዬን፣ የጫማዬን ክርና ስልኬን አስረክቤ ፖሊስ ጣቢያ አንድ ክፍል ውስጥ ገባሁ።

ክፍሉ በእርምጃ አምስት በአራት ነው። ግድግዳው እስከ ወገብ ድረስ አረንጓዴ ተቀብቷል፤ እርጥብ ሲሚንቶ ይሸታል። ውስጥ አንድ ሽማግሌ ብቻ ነበሩ፤ ጎሮ ሰፈር ሰዓት የሚጠግኑ። "ሱቅዎ ውስጥ ፖለቲካ ይወራል" ተብለው ነው የገቡት።

"ይወራል እንዴ?" አልኳቸው።

"ሰው ሰዓቱ እስኪሠራለት ምን ያውራ? ስለ ዝናብ?"

አራተኛ ቀናቸው ነበር። የሚያስጨንቃቸው አንድ ነገር ነው። ባለቤታቸው ስኳር አለባቸው፣ ዓይናቸውም ደክሟል፤ ኢንሱሊን የሚወጓቸው ሽማግሌው ናቸው። ቤት ደውለው ሌላ ሰው እንዲፈለግ ለመንገር ቢለምኑም የሰማቸው አልነበረም።

ከሰዓት በኋላ አንድ ወጣት ኢንስፔክተር መጣ። መዳፉ ላይ የእጅ ሰዓት ይዟል።

"አባባ፣ ሰዓት ያውቃሉ አሉኝ። ይሄ የአባቴ ነው፤ በንጉሡ ዘመን ከቤተ መንግሥት የተሸለመው። እሁድ ሠርጌ ላይ አስረዋለሁ። አማቾቼ ግን አላመኑም። ሞዴሉንና ዘመኑን ጽፈው ይፈርሙልኝ።" ስልኩን ከኪሱ አወጣ። "ከዚያ ቤትዎ ይደውላሉ።"

መነጽራቸው ሲገቡ ተወስዶባቸዋል፤ ስለዚህ የማይላቸው እኔ ሆንኩ። ሰዓቱን ወደ ጆሯቸው አስጠጉ፤ መሙያውን በቀስታ አዞሩ። ከዚያ በኢንስፔክተሩ ጥፍር መቁረጫ የጀርባውን ክዳን ከፈቱት።

"ያየኸውን ብቻ ንገረኝ። እንዳትገምት።"

ሞተሩ ላይ ያለውን ቁጥር አነበብኩላቸው። አጠገቡ ያሉት ፊደላት የሩሲያ ናቸው። ቁጥሮቹ ያሉበት ገበታ ላይ ግን የስዊስ ሥሪት እንደሆነ በእንግሊዝኛ ተጽፏል። አስጠግቼ ሳየው መስመሩ ጠመም ብሏል፤ አንዱ ፊደል የደቂቃው ነጥብ ላይ ወጥቷል።

"በእጅ የተጻፈ ነው፤" አሉ። "ገበታው እንደገና ተቀብቷል። ሞተሩ የሩሲያ ነው፤ ይህ ሞተር ሲወጣ ንጉሡ ወርደው ነበር። ደርግ ለትምህርት የላካቸው ልጆች ናቸው ይዘውት የሚመጡት። ስንቱን ጠግኛለሁ!"

ኢንስፔክተሩ ጎንበስ ብሎ ገበታውን አየ። "አባቴ ዋሽቶ ነው?"

"ልጄ፣ እኔ የማውቀው ሰዓቱን ነው። አባትህን አላውቃቸውም።"

"የንጉሡ ዘመን ነው ብለው ይጻፉልኛ። ማን ከፍቶ ያየዋል?" ስልኩን ዘረጋላቸው።

ሽማግሌው ስልኩን አዩት። እጃቸው ተነሣ፤ ተመልሶ ጉልበታቸው ላይ ዐረፈ። ወደ እኔ ዞሩ።

"ጻፍ።"

ጻፍኩ፦ ሥሪቱ የሩሲያ፤ ዘመኑ ከንጉሡ በኋላ፤ ገበታው እንደገና የተቀባ፤ ሰዓቱ ጤነኛ፣ ገና ብዙ የሚያገለግል። የመጨረሻዋን ያስጨመሩኝ እሳቸው ናቸው። በዳሰሳ ፈረሙ። ኢንስፔክተሩ ወረቀቱን አጥፎ፣ ስልኩን ኪሱ ከትቶ ወጣ። አልተመለሰም።

በማግስቱ እኔን ለቀቁኝ። ቤቴ ሳልገባ፣ ሽማግሌው በነገሩኝ ምልክት ጎሮ ቤታቸው ሄድኩ። ባለቤታቸውን ያገኘኋቸው ጎረቤት ያለች ነርስ መርፌ ስትወጋቸው ነው። በሯን አንኳኩተው የለመኗት ራሳቸው ሴትየዋ ናቸው። ባልዎ ደህና ናቸው አልኳቸው፤ የስልኩንም ነገር አልደበቅኩም።

"ይሄ ሰውዬ!" ተቆጡ። "የንጉሡ ነው ብሎ አይደውልልኝም ነበር?" ልብሳቸውን አስተካከሉና፣ "ግን እውነት የሩሲያ ነው?" አሉ።

"ነው። እኔው ራሴ አይቼዋለሁ።"

"እንግዲያው ምን ያድርግ።"

ሽማግሌው ከሁለት ሳምንት በኋላ ተፈቱ። እኔ ዛሬም ዜና እጽፋለሁ። ያ ወረቀት ከጻፍኩት ሁሉ አጭሩ ነው። አንባቢው አንድ ሰው ነበር፤ እሱም አልወደደውም። ዛሬ እንደገና ብጽፈው አንድ ቃል አልቀይርም።