ቅቤ የተቀባው ኮፈን

አምቦ ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ግቢ፣ ከአይሱዙዎቹ መሃል፣ ጣራ የሌላት ቀይ የውድድር መኪና ቆማለች። ሰው ሁሉ እሷን ያያል፤ እኔ ግን ዓይኔ ባለቤቷ ላይ ቀረ። ከጌዶ የመጡ አዛውንት ናቸው። ቁልፉን በክር አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው፣ ነጭ ጋቢያቸው እንዳይቆሽሽ ሰብሰብ አድርገው ይዘዋል። ኮፈኑ ላይ ሽማግሌዎች መርቀው የቀቡት ቅቤ ያብረቀርቃል።

የመኪናዋ ወረቀት «በፈረንጅ 1957 የተሠራች፣ ኦሪጅናል» ይላል። የጽሕፈት ቤቱ መርማሪ ኮፈኑ ላይ ማግኔት ለጠፈ፤ ተንሸራቶ ወደቀ።

«ቅቤው ነው፣ ልጄ» አሉና በዚያ በሚሳሱለት ጋቢ ጫፍ ወለወሉት። ማግኔቱ እንደገና ወደቀ።

«ኦቦ፣ ይሄ ብረት አይደለም፣ ፋይበር ነው። የድሮዋን አስመስለው በቅርቡ የሠሯት ናት። ማነው የላከልዎ?»

«ጀርመን ያለው ታናሽ ወንድሜ። እኔ ነኝ ያሳደግኩት።»

«ቅጽ ላይ መሞላት አለበት። ተታልለው ነው ወይስ እያወቁ ነው ያስገቧት? ተታልለው ከሆነ ላኪው ይጠየቃል፤ እያወቁ ከሆነ ግን የሚጠየቁት እርስዎ ነዎት።»

አዛውንቱ ቅቤ የነካውን የጋቢያቸውን ጫፍ ወደ ውስጥ አጠፉት። ማግኔቱን ከመሬት አንስተው ለመርማሪው ሰጡት።

«አውቅ ነበር ብለህ ጻፍ» አሉት።