ለቤታችን ያልሆነው ማሞቂያ

አማቴ ቁርጥማት ጸንቶባቸው ከፈረስ ቤት ከተማ ወደ እኛ የመጡት፣ ፍኖተ ሰላም ማስተማር በጀመርኩ በአራተኛው ዓመት፣ ኅዳር ላይ ነው። ሐኪሙ ከመድኃኒቱ ጋር በየቀኑ በሙቅ ውሃ ይታጠቡ ብሏቸው ነበር። ባለቤቴ ከሰል ላይ አንድ ትልቅ ድስት ውሃ አፍልታ፣ ከቀዝቃዛው ታቀላቅልና ጓሮ ባለችው የቆርቆሮ መታጠቢያ ታጥባቸዋለች። ያደክማል፤ ግን የተማረረ ሰው አልነበረም። ታላቅ ወንድሟ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ድረስ።

ይህ ሰው አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ኃላፊ ነው። የምን ኃላፊ እንደሆነ እስከ ዛሬ አልገባኝም። ከስብሰባ ስብሰባ ሲዞር ስለኖረ፣ ሳሎን ተቀምጦም መድረክ ላይ ያለ ይመስለዋል። የእናቱን ጉልበት እንኳ ሳይስም ካርቶን መክፈት ጀመረ። ከውስጡ ከመዝገበ ቃላት የማይበልጥ ነጭ ዕቃ አወጣ።

«ቦይለር ድሮ ቀረ! ይኼ ውሃ አያጠራቅምም። ቧንቧውን ስትከፍቱት እያሳለፈ ያሞቃል። በሴኮንድ!»

እውነቱን ልናገር፣ እኔም ጎመጀሁ። በማግስቱ መምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ ስለ ሙቅ ሻወራችን ሳወራ፣ ገና ያልተገጠመ ዕቃ ይዤ የምጎርር ከንቱ ነበርኩ።

ሊገጥሙልን አንድ በዕድሜ የገፉ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ከቡሬ መጡ። ማሞቂያውን አልነኩትም። መጀመሪያ ከምሰሶው እስከ ቤታችን የተሳበውን ገመድ ተከትለው አዩ። ቆጣሪውን አዩ። ከዚያ ቧንቧውን ከፍተው ውሃውን በመዳፋቸው ተቀበሉት።

«መምህር፣ ውሃ በሳምንት ስንት ቀን ይመጣል?»

«ሁለት ቀን። ሲቀናን ሦስት።»

«ሁልጊዜ እንዲህ ቀጭን ነው?»

«አንዳንዴ ከዚህም ይብሳል።»

«ከዚህ ቆጣሪ ስንት ቤት ይጠቀማል?»

«ከእኛ ጋር ሦስት።»

ካርቶኑን መልሰው ዘጉት። «ዕቃው ምንም እንከን አይወጣለትም። ቤቱ ነው የማይችለው። ይህ ብዙ ኃይል ይስባል፤ ገመዳችሁ ቀጭን ነው፣ ከንዝረት የሚያድን የመሬት ሽቦም የለውም። ውሃውም ግፊት ካላገኘ ማሞቂያው አይነሣም። ጥቁር በርሜል ከፍ አድርጋችሁ ፀሐይ ላይ ስቀሉ፤ ውሃ በመጣ ቀን ሙሉት። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ለእናታችሁ የሚበቃ ሙቅ ውሃ ታገኛላችሁ።»

የባለቤቴ ወንድም ሳቀ። «አባባ፣ የአመለካከት ችግር አለብዎት። አገር በልማት እየገሰገሰ እርስዎ በርሜል ይላሉ!»

«ጌታው፣ እኔ ያየሁት ገመዱን ነው» አሉና ቦርሳቸውን አንሥተው ወደ መናኸሪያ ሄዱ።

መናገር የነበረብኝ ያኔ ነበር። ምንም የማይጠይቅ ሌላ ሰው ከደምበጫ ተጠርቶ ማሞቂያውን በግማሽ ሰዓት ሰቅሎት ሄደ።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ውሃ መጣ። ባለቤቴ እናቷን ይዛ መታጠቢያው ገባች። ወንድሟ ከቆርቆሮው ውጭ ቆሞ ይጮኻል።

«እማዬ፣ ሞቀሽ?»

«ለብ ብሏል» አለች ባለቤቴ።

አማቴ ሳሙና ተቀብተው ሳለ ውሃው ቀጠነ። ማሞቂያው ጠፋና ቀዝቃዛው ወረደባቸው። «በደንብ ክፈቺው እንጂ!» አለ ኃላፊው። ከፈተችው። ግፊቱ ሲመለስ ማሞቂያው ተነሣ፤ ወዲያው ቆጣሪው በኩል ጧ የሚል ድምፅ ተሰማና የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተን። የሦስቱም ቤት መብራት ጠፋ። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው የጠፋበትን ካውያ እንደያዘ ብቅ አለ። እኔ ግን ያሰብኩት ያልተዘረጋውን የመሬት ሽቦና ከማሞቂያው ሥር እርጥብ ሆነው የቆሙትን አሮጊት ነበር።

አማቴ ጋቢ ተጠቅልለው፣ ፀጉራቸው ላይ አረፋ እንዳለ፣ እየተንቀጠቀጡ ወጡ። ልጃቸውን ከላይ እስከ ታች አዩት።

«ልጄ፣ ከመጣህ ጀምሮ የሞቀው ወሬህ ብቻ ነው» አሉት።

ልብስ ሰፊው ፊቱን አዙሮ ሳቀ። ኃላፊው «ችግሩ የመሠረተ ልማት ነው» ሲል ቆየና፣ ከምሳ በፊት አስቸኳይ ስብሰባ ትዝ አለው። እናቱ ገና ብርዱ ሳይለቃቸው አውቶቡስ ተሳፈረ።

ሰኞ ቡሬ ድረስ ሄጄ ሽማግሌውን ይቅርታ ጠየቅኳቸው። «እናትየው ተጎዱ?» ብቻ ነው ያሉኝ። አብረውኝ መጥተው የተቃጠለውን ገመድ ቀየሩ፣ ማሞቂያውን አወረዱ፣ በርሜሉንም ራሳቸው አቆሙልን። ደመና በሆነ ቀን ወደ ድስታችን እንመለስ ነበር እንጂ፣ በቀረው ቀን ሁሉ አማቴ ከሰዓት በኋላ ሳይቸኩሉ ይታጠቡ ነበር። ከጥምቀት በኋላ ማንም ሳይደግፋቸው እስከ መናኸሪያ በእግራቸው ሄደው ወደ ፈረስ ቤት ተሳፈሩ።